ሰባቱ ደብዳቤዎች የት ገቡ?

ልብስ ሰፊዋ የተገኘችው ማክሰኞ፣ ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ከስፌት መኪናዋ ሥር በግንባሯ ተደፍታ ነው። ካውያው ከራሷ አንድ ክንድ ርቆ ወድቋል፤ ገና አልቀዘቀዘም። መኪናው ላይ ግማሹ የተሰፋ የሕፃን ኮት ተንጠልጥሏል፤ መርፌው ጨርቁን እንደነከሰ ቀርቷል።

ያገኛት ጎረቤቷ ሰዓት ሠሪው ነው። የእሱ ሱቅ ከእሷ ፊት ለፊት፣ በዚያው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። የእሱን ጩኸት ሰምተው ከታች የወጡት ሰዎች፣ ሰውየው ደረጃው ላይ ተቀምጦ እንደ ልጅ ሲንሰቀሰቅ አዩት።

ኢንስፔክተሩ ሲደርስ አምቡላንሱ ወስዷት ነበር። ሐኪሙ በስልክ የነገረው አጭር ነው። "ትንፋሽ አላት፤ ንግግር የላትም። ለነገ ቃል አልገባም።"

ኢንስፔክተሩን በጣቢያው "ጥንቁቁ" ይሉታል። ሃያ ሁለት ዓመት ሲሠራ መዝገብ ጠፍቶበት፣ ማስረጃ ተበላሽቶበት አያውቅም። ወንጀል የተፈጸመበት ቤት ሲገባ መጀመሪያ ሁለት እጆቹን ኪሱ ይከታል፣ ሳያስበው አንዳች ነገር እንዳይነካ። ዛሬም እንደዚያው አድርጎ ገባ። ገንዘቧ መሳቢያ ውስጥ አለ። መስኮቱ ተዘግቷል። በሩም አልተገነጠለም፤ የሰረገላ ቁልፉ ቀዳዳ ዙሪያ ብቻ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ጭረቶች ይታያሉ።

"ወይ ራሷ ከፍታለታለች፣ ወይ መግቢያ ያውቃል" አለች አብራው ያለችው ሳጅን።

"ለሌባ ቤቱ በጣም ንጹሕ ነው" አላት። "ይሄ የሚያውቃት ሰው ሥራ ነው።"

ሰዓት ሠሪውን ደረጃው ላይ አነጋገረው። ሰውየው መናገር ስላቃተው ኢንስፔክተሩ ራሱ ውሃ አምጥቶ አጠጣው፤ ትከሻውንም መታ መታ አደረገው።

"ምሳ ሰዓት ላይ የት ነበርክ ወንድሜ?"

"ፖስታ ቤት። የሰዓት ዕቃ መጥቶልኝ ነበር። ሰልፉ የጉድ ነው፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆምኩ። ስመለስ በሯ ገርበብ ብሏል..." ኪሱን ዳብሶ ደረሰኝ አወጣ። ማኅተሙ ስድስት ሰዓት ከአሥር ይላል። "ከእህቴ አስበልጬ ነበር የማያት፣ ጌታዬ።"

"አይዞህ" አለው ኢንስፔክተሩ። "የሠራውን ሰው እጁን ይዤ አሳይሃለሁ።"

*

መጀመሪያ የተጠራው የቀድሞ ባሏ ነው። የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

"ሚስት ስትመታ መጀመሪያ ባል እንደሚጠየቅ አውቃለሁ" አለ። "እኔ ግን በዚያ ሰዓት መሪ ላይ ነበርኩ። ስልሳ ሰው ጭኜ ነበር፤ ስልሳ ምስክር አለኝ።"

ሳጅኗ ወጥታ ደወለች፤ ተመልሳም ራሷን ነቀነቀች። እውነት ነበር።

"ጠላት ነበራት?"

"ከሁለት ወር በፊት ደውላ፣ 'ሰው ይከታተለኛል' ብላኛለች። 'ማነው?' ብላት፣ 'ብነግርህ አታምነኝም' አለች። 'እንግዲያው ለፖሊስ ንገሪ' አልኳት። 'ጽፌላቸዋለሁ' አለችኝ።"

"ለማን?"

ሹፌሩ ቀና ብሎ አየው። "ለእናንተ ነዋ! በዚያ በአቤቱታ ኢሜይላችሁ። እሷ ኢሜይል የላትም፤ የምትልከው በአንድ ሽማግሌ ጎረቤቷ አድራሻ ነው። አራሚው ይሉታል።"

ኢንስፔክተሩ ፊቱን አጨማደደ። አራሚውን በጣቢያው የማያውቀው የለም። በማተሚያ ቤት ሠላሳ ዓመት የሰው ጽሑፍ ሲያርም ኖሮ ጡረታ የወጣ ነው፤ አሁን ደግሞ ሰፈሩን ያርማል። የውሻ ጩኸት፣ የተደፈነ ቱቦ፣ የጠፋ የመንገድ መብራት፣ ሁሉንም ይጽፋል። እንደ ሳጅኖቹ ቀልድ፣ ዝናብ ቢዘገይም ለፖሊስ ያመለክታል።

ሽማግሌው በሩን የከፈተው መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንደሰቀለ ነው። ወሬውን ሰምቷል፤ ዓይኑ ቀልቷል።

"ሰባት ጊዜ ጽፋለች" አለ ገና ሳይቀመጡ። "ቆጥሬያለሁ። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነበር የምትጽፈው።"

"ምን ብላ ነው የጻፈችው አባቴ?"

"አላነበብኩም።"

"እርስዎ? ሳያነቡ?"

"'አባባ፣ ይሄ የእኔ ጉድ ነው፣ አይዩብኝ' አለችኝ። ወጥ ቤት ገብቼ ቁጭ እላለሁ። በዕድሜዬ ሳላርም ያሳለፍኩት ጽሑፍ እሱ ብቻ ነው።" ጉሮሮውን ጠረገ። "ልጄም በዚሁ አድራሻ ስለምትጠቀም፣ ልብስ ሰፊዋ ወሬ ፈርታ ከላከች በኋላ ቅጂውን ታጠፋው ነበር።"

"እኛ ጋ ግን ምንም አልደረሰም።"

"እሱንማ እናንተ ታውቃላችሁ፣ ልጄ። እኔም ብሆን ከበጋ ጀምሮ ለጻፍኩት ሁሉ መልስ አላገኘሁም። ጆሮ ዳባ ልበስ ብላችሁኛል።"

*

የአቤቱታውን ኢሜይል የምትከፍተው የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ነች። ዝምተኛ ሴት ናት። በየቀኑ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ትከፍታለች፣ ታትማለች፣ ለየክፍሉ ታድላለች።

"ከአራሚው የመጣ ደብዳቤ የለም፣ ጌታዬ" አለች። "ከወራት ወዲህ አንድም አላየሁም።"

አሥራ አንድ ሰዓት ሲቃረብ ሳጅኗ አንድ ወረቀት ይዛ ገባች። "ጌታዬ፣ የሕንፃው ባለቤት ሕንፃውን አፍርሶ ሊሠራ ይፈልጋል። ተከራይ ሁሉ ሊለቅ ተስማምቷል፤ እምቢ ያለችው ልብስ ሰፊዋ ብቻ ናት። ባለቤቱ ደግሞ..." ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፣ "የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ አጎት ነው።"

ኢንስፔክተሩ ከወንበሩ ተነሣ። ነገሩ በአንድ አፍታ ሥዕል ሆኖ ታየው፤ አጎት ያስፈራራል፣ የእህት ልጅ ደብዳቤ ታጠፋለች። ሴትዮዋን አስጠርቶ በሩን እንኳ አልዘጋም።

"አጎትሽ መሆኑን ለምን ደበቅሽ?"

"ማን ጠየቀኝ ጌታዬ?"

"ሰባት ደብዳቤ በልተሻል! አንዲት ሴት በሞትና በሕይወት መካከል ናት፣ አንቺ ደግሞ እዚህ ቆመሽ ማን ጠየቀኝ ትያለሽ!"

ድምፁ ኮሪደሩን ሞላው። ሰዎች ከየቢሮው አንገታቸውን አሰገጉ። የሴትዮዋ እንባ ወረደ። ቁልፏን እንድታስረክብና ምርመራው እስኪያልቅ ቤቷ እንድትቀመጥ አዘዘ። ቁልፉን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

በሩ ላይ ደርሳ ዞር አለች። "ጌታዬ፣ አጠፋሽው ከማለትዎ በፊት መድረሱን አጣርተዋል?"

ኢንስፔክተሩ የሕንፃው ባለቤት ጋ ሰው ላከ። አጎቷ ግን ከእሁድ ጀምሮ የኩላሊት ጠጠር አስወጥቶ ሆስፒታል ተኝቷል፤ ሦስት ነርሶች መሰከሩለት። ሰው ልኮ ሊሆን ይችላል፣ አለ ኢንስፔክተሩ ለራሱ። የሴትዮዋ ጥያቄ ግን እንደ ዓሣ እሾህ ጉሮሮው ላይ ተሰነቀረበት።

*

በማግስቱ ጠዋት፣ ከሳጅኗ ጋር ወደ ሰርቨሩ ክፍል ወረደ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ማራገቢያው እንደ ንብ ቀፎ ይጮኻል። እዚያ የሚኖረው "ሽቦ" የሚሉት ባለሙያ ነው። ድሮ የሬዲዮ መገናኛ ሠራተኛ ነበር፤ ሬዲዮው ሲቀር ኮምፒውተሩን በራሱ ተምሮ፣ አሁን ጡረታው ሁለት ዓመት ቀርቶታል።

"ሽቦ፣ አንድ ደብዳቤ እኛ ጋ መድረሱን በምን ታውቃለህ?"

"ሰርቨሩ ማስታወሻ ይይዛል ጌታዬ። ማን፣ መቼ፣ ለማን እንደላከ።"

"እንግዲያው እንፈትነው።" ስልኩን አውጥቶ ለአራሚው ደወለ። "አባቴ፣ አሁን፣ በዚህ ደቂቃ፣ አንድ መስመር ወደ አቤቱታው ኢሜይል ይላኩልኝ።"

"ምን ብዬ?"

"የፈለጉትን።"

የአቤቱታውን ሳጥን ከፍተው ሦስቱም ስክሪኑ ላይ አፈጠጡ። አንድ ደቂቃ፣ አምስት ደቂቃ ሆነ። ምንም የለም። ሳጅኗ ከስልኳ ላከች፤ የእሷ ወዲያው ድው ብሎ ገባ። አራሚው በድጋሚ ላከ። የለም።

"ሳጥኑን የነካ የለም" አለች ሳጅኗ ቀስ ብላ። "የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ቤቷ ናት።"

ኢንስፔክተሩ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። ያቺ ሴት ኮሪደር ለኮሪደር እያለቀሰች መሄዷ ታወሰው። "የት ገባ ታዲያ?"

ሽቦ የማስታወሻውን መዝገብ ከፈተ። ጣቱን በመስመሮቹ ላይ እያስኬደ አነበበ። "ደርሷል። ሁለቱም ደርሰዋል። ሰርቨሩ 'ተቀብያለሁ' ብሏል። ከዚያ ወደ አይፈለጌ መልእክት ማጣሪያው ገብተዋል... እዚያው ቀርተዋል።"

"ምን ዓይነት ማጣሪያ?"

"ሎተሪ ደረሰህ፣ መድኃኒት ግዛ የሚሉትን የሚያስቀርልን ነው። ለያንዳንዱ ደብዳቤ ነጥብ ይሰጣል። አምስት ነጥብ ከሞላ ወደ ማቆያ ይወረውረዋል። ለላኪው አይነግርም፣ ለእኛም አይነግርም። ዘጠና ቀን ይዞ ያጠፋዋል።"

"የአራሚው ስንት ነጥብ አገኘ?"

ሽቦ መነጽሩን አስተካከለ። "መቶ።"

"መቶ? ከአምስት?"

"እንዲህማ ማጣሪያው በራሱ አይሰጥም። ሰው የጻፈው ደንብ መኖር አለበት።"

"ክፈተው።"

ሽቦ የማጣሪያውን ደንቦች የያዘውን ፋይል ከፈተ። ጽሑፉ ረጅም ነው፤ ወደታች፣ ወደታች ወረደ። ከዚያ ድንገት እጁ ቆመ። ስክሪኑን ትንሽ ወደ ራሱ አዞረ።

"ጌታዬ፣ ማሽኑ ይሆናል የተሳሳተው። አሁን አስተካክለዋለሁ፤ እርስዎ ወደ ሥራዎ..."

"ማን ነው ያስጻፈው?"

"የቆየ ነገር ነው መሰለኝ..."

"ሽቦ! ማንን ነው የምትሸፍነው? ደንቡን ያስጻፈው ሰው የዚህች ሴት ደም አለበት። ሚኒስትርም ቢሆን ስሙን በመዝገብ አሰፍራለሁ። አዙረው!"

ሽቦ ሳጅኗን አየ፤ ከዚያ ወለሉን አየ፤ ስክሪኑንም አዞረው።

የአራሚው አድራሻ እዚያ አለ። ከጎኑ መቶ የሚል ቁጥር። ከበላዩ ሽቦ፣ እንደ ጠንቃቃ ባለሙያ፣ ለማስታወሻ የጻፋት አንዲት መስመር አለች። ቀኑን ጠቅሳ፣ "በኢንስፔክተሩ የቃል ትእዛዝ" ትላለች።

ማራገቢያው ይጮኻል።

ያኔ ሁሉም ነገር መጣበት። ከአምስት ወር በፊት አራሚው ስለ አንድ ውሻ አመልክቶ፣ ኢንስፔክተሩ ራሱ መልስ ጻፈለት። ሽማግሌው መልሱን አሥራ አንድ ቦታ በቀይ አርሞ፣ ለጣቢያው ሠራተኛ ሁሉ ግልባጭ አድርጎ መለሰለት። አንድ ተንኮለኛ ደግሞ አትሞ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፈው። ሳምንት ሙሉ በገባ በወጣ ቁጥር የታፈነ ሳቅ ይሰማ ነበር። ከዚያ ደረጃው ላይ ሽቦን አግኝቶ፣ "የዚህ ሽማግሌ ነገር ዳግመኛ ዓይኔ ላይ እንዳይመጣ!" አለው። ሽቦም "እሺ ጌታዬ" አለ። ኢንስፔክተሩ ሁለት ደረጃ ወጥቶ፣ ሦስተኛው ላይ ረስቶታል።

ጆሮው ጋለ፤ አንገቱ ጋለ። ሃያ ሁለት ዓመት የሌላውን ፊት ሲቀላ እያየ ወንጀለኛ ሲለይ የኖረ ሰው፣ የራሱን ፊት የት እንደሚያደርገው ጠፋው። ሳጅኗ ስክሪኑን ትታ ግድግዳውን ታያለች። ያ ይበልጥ አቃጠለው።

"ማቆያውን ክፈትልኝ" አለ በመጨረሻ፤ ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው።

*

አርባ ስምንት ደብዳቤዎች ነበሩ። የመጀመሪያው የልብስ ሰፊዋ ደብዳቤ ሊጠፋ ሃያ ስድስት ቀን ቀርቶታል። ሰባቱን ለይቶ አሳተማቸው፤ ቆሞም አነበባቸው።

በመጀመሪያው ሰዓት ሠሪው ማታ ማታ ከኋላዋ እስከ ቤቷ እንደሚከተላት ጽፋለች። በሁለተኛው ደግሞ ለማንም ያልነገረችውን ነገር እንደሚያውቅ፤ በሦስተኛው ጠዋት ስትገባ ዕቃዋ ቦታውን ለውጦ እንደምታገኘው። "ለማንም ብናገር አያምነኝም፤ የሰፈሩን ሰዓት ሁሉ በነፃ የሚጠግን ደግ ሰው ነው" ትላለች። አምስተኛው ፎቶ አለው፤ የበሯ ቁልፍ ቀዳዳ ውስጥ ተሰብሮ የቀረ የብረት ጫፍ፣ ከመርፌ የማይወፍር። "ላወጣው አልቻልኩም። ቁልፌ ግን በግድም ቢሆን ይሠራል።" በስድስተኛው 'አግቢኝ' እንዳላት ጽፋለች።

ሰባተኛው የተላከው ሰኞ፣ አሥር ሰዓት ላይ ነው። "ነገ ሕንፃው ለምሳ ሲወጣ መልሴን ሊሰማ እንደሚመጣ ነግሮኛል። መልሴ እምቢ ነው። ሰባት ሰዓት ሳይሞላ አንድ ሰው ብቅ ቢልልኝ።"

በዚያው ሰኞ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ፣ የአቤቱታ ቁጥር መቀነሱን፣ ሰፈሩ ሰላም መሆኑን የተናገረው እሱ ነው። ተጨብጭቦለታል።

"ውሃ አጠጣሁት" አለ ለሳጅኗ። "በእጄ።"

ከዚያ በኋላ የቀረው ፈጥኖ አለቀ። የፖስታ ቤቷ ሠራተኛ ሳቀች፤ "ማክሰኞ ሰልፍ? ዝንብ እንኳ አልነበረም! ማኅተም አስመትቶ ወዲያው ወጣ።" ሳጅኗ በወረንጦ ከቁልፉ ቀዳዳ ብረቱን አወጣች። በሰዓት ሠሪው መሳቢያ ውስጥ በልካቸው የተደረደሩ ስድስት ጥቃቅን ካቻቢቴዎች ተገኙ፤ አንዷ ጫፍ የላትም። የሰዓት ሠሪ ነገር፣ የተሰበረም ቢሆን አይጥልም። በራሱ ማጉያ መነጽር ሲያዩት፣ ስብራቱ ከስብራቱ ገጠመ።

"መልሷን ልሰማ ብቻ ነበር የሄድኩት" አለ ሰዓት ሠሪው፣ እጁ ሲታሰር። "ሳቀችብኝ ጌታዬ። ሰው ሲስቅብዎ ያውቁታል አይደል?"

ኢንስፔክተሩ ዓይኑን ሰበረ። ያውቀዋል።

*

የምርመራውን ሪፖርት ራሱ ጻፈ። የደንቡን መስመር እንዳለ ገለበጠ፣ ያዘዘው ማን እንደሆነ ከነማዕረጉ አሰፈረ፤ ለአለቃውም በእጁ አስረከበ። አለቃው አንብቦ ሲጨርስ፣ "ይቺን አንቀጽ ብትተዋትስ?" አለው። "ወንጀለኛው ተይዟል እኮ።" "አልተዋትም" አለ። ስለሱ የሚወሰነው ገና አልታወቀም።

የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ቤት ሄዶ ቁልፏን መለሰላት። በሩ ላይ ቆሞ ይቅርታ ጠየቃት። አዳመጠችው፤ ከዚያ፣ "ኮሪደሩ እየሰማ ነው የሰደቡኝ ጌታዬ። ይቅርታውንም እዚያ ይንገሩኝ" አለችው። በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ የየቢሮው በር ክፍት ሳለ፣ ጮክ ብሎ ነገራት። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለው ነበር።

የከበደው የአራሚው ነው። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው ሰምቶት፣ መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

"እንግዲህ በእኔ ስም ባትልክ ኖሮ ይደርስላት ነበር" አለ።

"አይደለም አባቴ! ጥፋቱ የእኔ ነው።"

"አሥራ አንድ ስሕተት" አለ ሽማግሌው፣ እንዳልሰማ። "ምን ነበረበት ባልፈው?"

ኢንስፔክተሩ አጎንብሶ ወጣ።

ልብስ ሰፊዋ አንደበቷ የተፈታው በሦስተኛው ሳምንት ነው። ሐኪሙ አሥር ደቂቃ ፈቀደለት። ራሷ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ቀኝ እጇ አንሶላው ላይ ሳይንቀሳቀስ ተዘርግቷል። አልጋዋ አጠገብ ያለውን ወንበር አልተቀመጠበትም። ሰዓት ሠሪው መያዙን፣ ደብዳቤዎቿ ደርሰው እንደነበር፣ ማን እንዳስቀራቸውና በምን ምክንያት እንዳስቀራቸው፣ ቀዩን እርማት ጭምር፣ ሳይቀንስ ነገራት። እየተናገረ የእግሩን ጫፍ ነበር የሚያየው።

እሷ ፊቱን ታየው ነበር።

"ጽሑፍዎ ስለታረመ ነው?" አለች። ምላሷ ገና ይጎተታል።

"አዎ፣ እህቴ።"

"አሁንስ አነበቧቸው?"

"አነበብኳቸው።"

"አራተኛውንም?"

አራተኛው ከሁሉም አጭር ነው። መልስ ስታጣ፣ ብዙ የሚበልጥ ጉዳይ ይኖርባችኋል፣ በየጊዜው ስለማስቸግራችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ብላ የጻፈችው ነው።

"አራተኛውንም" አለ።

"እሱን ይመልሱልኝ" አለች።

ኢንስፔክተሩ ከያዘው ማኅደር ወረቀቱን ፈልጎ አወጣ። በቀኝ እጇ መቀበል ስላልቻለች ዞሮ በግራዋ በኩል ሄደ። ወረቀቱን ተቀበለችው፤ ሳታነበው አጣጥፋ ትራሷ ሥር ከተተችው፤ ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዞረች። አሥሩ ደቂቃ አላለቀም ነበር። እሱ ግን ኮፍያውን በእጁ እንደያዘ ወጣ።